የአደባባይ ፊልም ምሽት በደብረ ብርሃን፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት፤ ቀንና ቦታ

ሥራው በደብረ ብርሃን ለሕዝብ ክፍት የሆነ፣ መግቢያ የማይከፈልበት የሁለት ምሽት የፊልም ዝግጅት ማካሄድ ነው። ይህ ማስታወሻ ለዝግጅቱ የሚያስፈልገውን ተገጣጣሚ ስክሪን፣ ድምፅ፣ የአማርኛ ሰብታይትልና የተመልካች ድምፅ መስጫ እየሠራን የተያዘ ነው። የተሰባሰብነው በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በኡጋዱጉ የሚካሄደውን ፌስፓኮ ከሩቅ የምንከታተል ሰዎች ነን። ፌስፓኮ እ.ኤ.አ. በ1969 ተጀምሮ ከ1979 ወዲህ በየሁለት ዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት፣ የሚካሄድ የአፍሪካ ፊልም በዓል ነው። ለእኛ የቀረበ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2009 የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ድንጉላ፣ መውሰዱ ነው። ከመካከላችን ኡጋዱጉን የረገጠ ሰው የለም፤ ክርክራችን ግን ከፊልሞቹ ይልቅ አንድ ከተማ የፊልም በዓልን እንዴት የራሱ እንደሚያደርግ ላይ ያተኩራል። ሽልማቱን የሚሰጠው ዳኛ ቢሆንም በዓሉን በዓል የሚያሰኘው ተመልካቹ ስለሆነ፣ የፊልም ዝርዝር ከማውጣታችን በፊት ሰው የሚያይበትን፣ የሚሰማበትንና የሚቀመጥበትን ለመሥራት ተስማማን።

ቀኑን ከፌስፓኮ ሳምንት ጋር ማስገጠም የብዙዎች ፍላጎት ነበር። ዘንድሮ ያ ሳምንት ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚወድቅ ሐሳቡ ቀረና ጥር መጨረሻ ተመረጠ። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው፤ ወንበር፣ ድንኳንና ድምፅ ማጉያ የሚያከራዩ ቤቶች እስከ ወሩ ማለቂያ ድረስ ተይዘዋል፤ ያልተያዘውም ዋጋው በእጥፍ ነው። ስለ መቀመጫ ወደ እድር ሄድን። የእድሩ ዳኛ አግዳሚዎቹን ፈቀዱልን፤ «ልጆች፣ ቆጥራችሁ ወስዳችሁ ቆጥራችሁ ትመልሳላችሁ፤ መሐል ላይ ሐዘን ከመጣ ግን ፊልማችሁ ቆሞ ይመለሳል» ብለው ነው። ይህ ስለሚያስፈራ ለመጠባበቂያ የሚሆን ሣርና ምንጣፍ አዘጋጅተናል።

ለቦታ ጠባሴ አካባቢ ያለ የትምህርት ቤት ሜዳ ተመረጠ። በሦስት ወገን የብሎኬት አጥር አለው፤ በምሥራቅ በኩል ያለው ግንብ ከጣርማ በር አቅጣጫ የሚመጣውን ነፋስ በመጠኑ ይሰብራል። መንገድ ዳር ያለው ሰፊው ሜዳ ለዐይን ቢያምርም የመንገድ መብራት አለበት፤ ለፕሮጀክተር ሥዕል አንድ የመንገድ መብራት ከሙሉ ጨረቃ ይልቅ ጠላት ነው።

ኅዳር፤ ጨርቁ

የስክሪኑን ስፋት የወሰነው ፕሮጀክተሩ ነው። ያገለገለ፣ ወረቀቱ 3,500 ሉመን (የሚያወጣው ብርሃን መለኪያ) የሚል ፕሮጀክተር በ42,000 ብር ገዛን። ገንዘቡ የወጣው ከቡድኑ ዕቁብ ሲሆን የመጀመሪያው ዕጣ ለዚህ እንዲውል አስቀድሞ ስምምነት ነበር። ያረጀ አምፖል ከተጻፈለት ብርሃን 60 በመቶውን ቢሰጥ ብለን 2,100 ሉመን ያዝን። በ6 ሜትር ስፋት ስክሪኑ ከ20 ካሬ ሜትር በላይ ስለሚሆን ብርሃኑ በጣም ይሳሳል። በ5 ሜትር ስፋትና በ2 ሜትር ከ81 ቁመት ወደ 14 ካሬ ሜትር ይወርዳል፤ 2,100 ለ14 ሲካፈል 150 ሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃን)፣ ያ ደግሞ ለ3.14 ሲካፈል 48 ካንዴላ በካሬ ሜትር (ለዐይን የሚታየው ድምቀት) ይሰጣል። የዲጂታል ሲኒማ ቤቶች መለኪያም 48 ስለሆነ ክርክሩ እዚህ ላይ ቆመ። በስዊዘርላንዱ ሎካርኖ ከተማ አደባባይ ላይ የሚቆመው ስክሪን 26 በ14 ሜትር ነው እያለ ስለ ትልቅነት የሚሟገተው ወዳጃችን እስከ ዛሬ አልተዋጠለትም።

በመጀመሪያ የተሞከረው ማስታወቂያ የሚታተምበት ነጭ ፍሌክስ ነው። ስፌት ስለሌለው ዋጋው ባይከብድ ጥሩ ነበር፤ ግን ፊቱ ስለሚያብረቀርቅ መሐሉ ላይ ክብ የብርሃን ነጥብ ይፈጥራል፤ ወደ ጎን የተቀመጠ ሰው ደግሞ ግማሹ ሥዕል ይደበዝዝበታል። ቀጥሎ አቡጀዲ መጣ። አቡጀዲ ፊቱ ስለማያብረቀርቅ ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይበትናል፤ ችግሩ ስስ መሆኑ ነው፤ ብርሃኑ በጀርባው ሾልኮ ይወጣል። በነጭ የፕላስቲክ ቀለም መቀባት ተሞከረ፤ ሲደርቅ ጥሩ ነበር፤ ሲታጠፍ ግን መታጠፊያው ሁሉ ተሰነጣጥቆ እንደ አሮጌ ግድግዳ ተላጠ። በመጨረሻ የሠራው ሁለት ድርብ አቡጀዲ ከጀርባው በጥቁር ጨርቅ ተገብሮ ነው። ጥቁሩ የሚሾልከውን ብርሃን ይገታል፤ በተጨማሪም ከስክሪኑ ጀርባ የሚመጣ የመኪና መብራት በሥዕሉ ውስጥ እንዳይታይ ያደርጋል።

ለሚሰፋ ሰው ሁለት ነገር ይጠቅማል። አቡጀዲ ከመሰፋቱ በፊት በሙቅ ውኃ ይታጠብ፣ አለዚያ የመጀመሪያው ጤዛ ካረጠበው በኋላ ይሸመቅቅና ፍሬሙ ላይ አይደርስም። ስፌቱም በአግድም ይሁን፤ በቁም የተሰፋ መስመር ሰው ፊት ላይ ሲያርፍ ዐይን ከእሱ አይነቀልም፤ አግድሙ ግን ከሰማይና ከመሬት ጋር ይመሳሰላል። ጠርዙ ላይ የአራት ጣት ጥቁር ክፈፍ ዞሯል። ጨርቅና የልብስ ሰፊው ዋጋ በጠቅላላው 9,400 ብር ሆነ።

ኅዳር መጨረሻ፤ ፍሬምና ነፋስ

ፍሬሙ 40 በ40 ቱቦላሬ ነው፤ በመኪና ጣሪያ ላይ እንዲጫን እያንዳንዱ ቁራጭ ከሁለት ሜትር ተኩል አይበልጥም፤ መጋጠሚያው በአንግል ብረት ታቅፎ በቡሎን ይታሰራል። በያጁ በተራ ዳዶ ነበር የሠራው፤ በደብረ ብርሃን ምሽት በደነዘዘ ጣት ዳዶ በቁልፍ ማጥበቅ ስለማይቻል ሁሉም በባለክንፍ ዳዶ ተቀየረ። ብረቱ፣ ብየዳውና ቀለሙ 21,000 ብር ፈጅቷል።

ከብረቱ ይልቅ ያስቸገረን ነፋሱ ነው። 14 ካሬ ሜትር ጨርቅ ያው ሸራ ነው፤ በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በዚህ ከፍታ ሳሳ ባለ አየር እንኳ ከ60 ኪሎ በላይ ይገፋዋል፤ ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በመጀመሪያው የመወጠር ሙከራ ጨርቁ በብረት ቀለበትና በሲባጎ ፍሬሙ ላይ ጥርቅ ተደርጎ ታስሮ ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ የተነሣው ነፋስ የላይኛውን ጥግ ቀለበቶች በተራ ነቀላቸው። ፍሬሙ አልወደቀም፤ ጨርቁ ግን በሁለት ቦታ ተቀደደ።

መፍትሔው ጨርቁ ለነፋስ እንዲለቅ ማድረግ ሆነ። ቀለበቱ ቀርቶ ጠርዙ ውስጥ ወፍራም ገመድ ታጥፎ ተሰፋበት፤ ገመዱ ከፍሬሙ ጋር የተያያዘው ከጎማ ቤት በተገኘ ያረጀ የሞተር ሳይክል ከመነዳሪ (በጎማው ውስጥ ያለው ላስቲክ) ነው፤ ከመነዳሪው ሁለት ጣት ስፋት እየተደረገ በመቀስ ተቆረጠ። ነፋስ ሲመታው ጨርቁ ወደ ኋላ ይሄድና ይመለሳል፤ ሥዕሉ ለቅጽበት ይወዛወዛል እንጂ የሚቀደድ ነገር የለም። የታችኛው ጎን ከላይኛው ላላ ብሎ ታስሯል፤ ከመሬት እስከ ስክሪኑ ያለው ክፍተትም አንድ ሜትር ከሃያ ሆነ፤ ይህ ነፋሱን ያሳልፋል፤ ፊት የተቀመጠው ሰው ራስም ሥዕሉን እንዳይጋርድ ያደርጋል። መወጠሪያ ገመዶቹ ከ16 ቁጥር ፌሮ በተቆረጠ ካስማ ታስረዋል፤ መሬቱ ድንጋያማ በሆነበት በኩል በካስማ ፋንታ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ተደረገ። ከዚህ በኋላ ነፋሱ ጎልቶ የሚሰማ ከሆነ ስክሪኑን የሚያወርድ አንድ ሰው በኃላፊነት ተመደበ፤ የሚያወርደው ማንንም ሳይጠይቅ ነው።

ታኅሣሥ፤ ፕሮጀክተርና ከፍታ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። ይህ ከብርዱ ሌላ በመሣሪያም ላይ ይታያል። ቀጭን አየር ሙቀት በደንብ ስለማያነሣ ፕሮጀክተሩ በተለመደው አሠራር ሲበራ ከአንድ ሰዓት በታች ውስጥ የሙቀት ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ጠፋ፤ ውጪው ውርጭ ሆኖ ማሽኑ በሙቀት መጥፋቱ ያስቃል። በምናሌው ውስጥ ለከፍተኛ ቦታ የተዘጋጀ የማራገቢያ ምርጫ ነበረ፤ ብዙ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ እንዲበራ ይመክራሉ። ከበራ በኋላ ችግሩ ጠፋ፤ ነገር ግን ማራገቢያው በጣም ስለሚጮህ ዝም ባለ ትዕይንት ላይ ይሰማል። ለዚህ ከስፖንጅና ከፕላይውድ ፊቱና ጀርባው ክፍት የሆነ ሣጥን ተሠራለት። የአየሩ መግቢያና መውጫ እንዳይሸፈን መጠንቀቅ ነው።

ጄኔሬተሩም እንዲሁ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከ3 በመቶ በላይ ጉልበት ስለሚያጣ፣ እዚህ ሲደርስ ከተጻፈበት ኪሎዋት ሲሶው ያህል የለም ብሎ ማሰብ ይሻላል። ፕሮጀክተሩ 300 ዋት፣ ድምፁ 600 ዋት፣ ላፕቶፕና መብራት ተጨምሮ ከ1,100 ዋት አይበልጥም፤ ባለ 2.5 ኪሎዋት ተከራይተናል። ዋናው ምንጭ የትምህርት ቤቱ መብራት ሆኖ ጄኔሬተሩ ለመጠባበቂያ ከአጥሩ ውጪ ቆሟል። መብራት ሲጠፋ አምፖሉ ሳይበርድ በድንገት እንዳይቆም በመካከል አንድ ዩፒኤስ (ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ገብቷል።

ፕሮጀክተሩ ለአምስት ሜትር ስፋት ሰባት ሜትር ተኩል ርቀት ይፈልጋል። ይህ ማለት የሚቆመው በተመልካቹ መሐል ነው። ከፍ ያለ ጠረጴዛ፣ ዙሪያው በአጣና የታጠረ፣ ገመዱም ሕፃናት እንዳያደናቅፋቸው በጠባብ ቦይ የተቀበረ ሆነ። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ ሌንሱ ላይ እንፋሎት ስለሚቋጥር፣ ማታ ወደ ቤት ሲመለስ የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ ድረስ ቦርሳው ሳይከፈት ይቆያል።

ታኅሣሥና ጥር፤ ፊልሞቹና የአማርኛው ጽሑፍ

ብዙ ሰው የጠየቀው «ጤዛ»ን ነበር። ሁለት ምክንያት አገደው፦ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ለሕዝብ ማሳየት ተገቢ አይደለም፤ ርዝመቱም 140 ደቂቃ ስለሆነ በጥር ብርድ ውጭ ለተቀመጠ ሰው ከባድ ነው፤ ሳያልቅ ደግሞ ባጃጅ ይጠፋል። በምትኩ ዝግጅቱ በአጫጭር ፊልሞች ላይ ተመሠረተ፦ ከደብረ ብርሃንና ከመንዝ የወጣቶች ሥራዎች፣ እንዲሁም ከምዕራብ አፍሪካ በኢሜይል ፈቃድ የሰጡን አዘጋጆች ሥራዎች። ፈቃዱን ስንጠይቅ የላክነው ደብዳቤ አጭር ነበር፤ ስንት ሰው እንደሚያይ፣ ክፍያ እንደሌለ፣ ፋይሉ ከዝግጅቱ በኋላ እንደሚሰረዝና በአማርኛ ሰብታይትል እንደምንጨምር ይገልጻል። መልስ ያልሰጡትን ትተናል። የፋይል ዓይነት ኤምፒ4፣ ኤች.264 ብቻ ጠየቅን፤ ሲኒማ ቤት የሚጠቀምበት ዲሲፒ ለእኛ ላፕቶፕ ከባድ ነው።

ከሁሉም ረጅም ጊዜ የወሰደው ሰብታይትሉ ነው። መጀመሪያ በቪዲዮ ማጫወቻው በቪኤልሲ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ መጣ፤ ፋይሉ የተቀመጠው የግእዝ ፊደልን በሚይዘው የጽሑፍ አቀማመጥ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አልነበረም። እሱ ሲስተካከል ባዶ ሣጥን መጣ፤ የተመረጠው ፎንት የግእዝ ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ሲመረጥ ተነበበ፤ ግን በላፕቶፕ ላይ የተነበበ ጽሑፍ ከ15 ሜትር ርቀት ላይ ሌላ ነገር ነው። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ትንንሽ ቅጥያዎች ላይ ነው፤ በደከመ ብርሃን ሰ እና ሱ፣ ለ እና ሉ ይቀላቀላሉ፤ በላቲን ፊደል የሚበቃ መጠን ለእኛ አይበቃም። የፊደሉን ቁመት ከስክሪኑ ቁመት ወደ ሰባት በመቶ አሳድገን፣ ውፍረቱን ጨምረን፣ በጥቁር ዙሪያ ከበብነው። ከዚያ በኋላ በአንድ መስመር የሚገባው ከ28 ፊደል አይበልጥም።

ይህ ደግሞ ትርጉሙን ለወጠው። በእንግሊዝኛው ሰብታይትል ግሡ ቀድሞ ስለሚመጣ አንድ ዐረፍተ ነገር በሁለት ካርድ (ካርድ የምንለው በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ነው) ቢከፈል ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ ነገሩን ይይዛል፤ በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሆነ የመጀመሪያው ካርድ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ተዋናዩም ግሡ ሳይደርስ ያለቅሳል ወይም ይስቃል። መመሪያችን አንድ ካርድ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር የሚል ሆነ፤ ረጅሙን ቆርጦ ሁለት አጭር ማድረግ እንጂ በመሐል ማንጠልጠል የለም። ለምሳሌ አንዲት እናት ለልጇ የምትናገረው በእንግሊዝኛው በሁለት ካርድ የተዘረጋ ንግግር ነበር፤ በአማርኛ «አባትህ አልሞተም። ሄዷል።» ተብሎ በአንድ ካርድ ገባ። ከዋናው የተሻለ ነው የሚሉ ከመካከላችን አሉ፤ እኔ ከነሱ ነኝ።

ሌላው ክርክር ማንበብ ለማይችሉ ነው። በትርጉም ፊልም ያደገው ወጣት ድምፅ ተደርቦ ይተረክ ይላል፤ ሌላው ወገን የተዋናዩን ድምፅ መሸፈን ፊልሙን መግደል ነው ይላል። በመጨረሻው ልምምድ ላይ ከጎረቤት የመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ፊደሉ አይለይልኝም፤ ሰው ይንገረኝ» ሲሉ ነገሩ በተግባር ተወሰነ። በቀኝ በኩል ባለው የአግዳሚ ረድፍ ብቻ አንድ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በትንሽ ስፒከር፣ ካርዱን ሳይተርክና ሳያሳምር ያነባል። የዋናው ድምፅ ማጉያ ወደዚያ በኩል ያለው በትንሹ ዝቅ ተደርጓል። ሁለቱም ወገን ቅር ብሎታል፤ ግን ሠርቷል።

ጥር፤ የተመልካች ድምፅ መስጫ

ዳኛ አልሾምንም። የተመልካች ሽልማት በትልልቅ በዓላትም ክብር አለው፤ የኢትዮጵያው ፊልም «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፌስቲቫልም በበርሊን ፌስቲቫል የፓኖራማ ክፍልም ያሸነፈው በተመልካች ምርጫ ነው። አሠራሩን የቀዳነው ከሮተርዳም ፌስቲቫል ሲሆን እዚያ ተመልካቹ ከ1 እስከ 5 የተጻፈበት ካርድ ላይ የሚፈልገውን ቁጥር ይቀድዳል። ለእኛ የሚመችበት ምክንያት እስክሪብቶም ብርሃንም ስለማይፈልግ ነው፤ በጨለማ፣ በጋቢ ውስጥ ሆኖ፣ በጣት ዳብሶ መቅደድ ይቻላል።

ተራ ወረቀት ያለ ቦታው ይቀደዳል። ወፍራም ካርቶን በመቀስ መቆራረጥ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። መላ የመጣው ከልብስ ሰፊው ነው፤ የሲንጀር ማሽኑን ያለ ክር አድርጎ ካርዱን በመርፌው ሲያሳልፈው የተበሳሳ መስመር ይሠራል፤ አንድ እሽግ ካርድ ከምሳ በፊት አለቀ፤ መርፌው ግን ስለደነዘ ዋጋውን ከፈልን። ቁጥሩን በዳበሳ ለመለየት በካርዱ አንድ ጎን ጥግ ተቆርጧል፤ ከተቆረጠው ጥግ በኩል ያለው 5 ነው።

አቆጣጠሩ ላይ በድምር ይሁን በአማካይ የሚለው ክርክር አስነሣ። በድምር ከተቆጠረ ሰው ሳይበተን መጀመሪያ የታየው ፊልም ያሸንፋል፤ ብርዱ ሲበረታ ሰው ስለሚሄድ ኋላ የሚታየው ይጎዳል። በአማካይ ከተቆጠረ ደግሞ የአዘጋጁ ዘመዶች ብቻ ቀርተው 5 ሊሰጡት ይችላሉ። ስለዚህ አማካይ ሆኖ፣ ከተቀመጠው ሰው ቢያንስ ሲሶው ካርድ ያልመለሰበት ፊልም ከውድድር ይወጣል ተባለ።

ጥር መጨረሻ፤ ሁለቱ ምሽቶች

ፀሐይ 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ሥዕሉ በደንብ ይታያል። ሰው በጋቢ፣ በብርድ ልብስና በመንዝ ባና ተጠቅልሎ መጣ። በመጀመሪያው ምሽት ያየነው ችግር ድምፁ ነበር፦ ሁለቱ ማጉያዎች ከስክሪኑ ግራና ቀኝ መሬት ላይ ስለቆሙ የፊተኛው ረድፍ ይደነቁራል፤ የኋለኛው አይሰማም። በማግስቱ በአጣና መቆሚያ ላይ ከራስ በላይ ከፍ ተደርገው ወደ ኋለኛው ረድፍ እንዲያዩ ሲዘነበሉ የድምፅ መጠኑ ዝቅ ቢልም ሁሉም ሰማ። ለሌላ ጊዜ ከማጉያ ኃይል ይልቅ ለመቆሚያው ማሰብ ይበቃል።

ከፊልም ፊልም መሐል ያለው ዕረፍት መጀመሪያ ለካርድ መሰብሰቢያ ብቻ የታሰበ ነበር። ሰዉ ግን አልተቀመጠም፤ በየአግዳሚው ክርክር ተነሣ። የመንዙ ልጅ ስለ በግ ዘራፊ የሠራው አጭር ፊልም ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ማይክ ጠይቀው፣ የመንዝ በግ እረኛ በዚያ ሰዓት በዚያ በኩል አይነዳም ብለው የቦታ ስሕተቱን ነገሩት፤ አዘጋጁም ለመቅረጫ የተመቸው ያ ስለነበር ነው ብሎ መለሰ። ክርክሩ ከፊልሙ ሊረዝም ተቃርቦ ነበር። በሁለተኛው ምሽት ዕረፍቱ ሆን ተብሎ በአሥር ደቂቃ ተራዝሞ ተጨማሪ ማይክ ተዘጋጀ፤ በዚህም ምክንያት አንድ ፊልም ከዝርዝሩ ወጣ። የወጣበት አዘጋጅ ቅር መሰኘቱ ተገቢ ቢሆንም እኔ ውሳኔውን እደግፋለሁ፤ ሰው ቤቱ ሆኖ በስልኩ ሊያየው የሚችለውን ፊልም ውርጭ ላይ ተቀምጦ የሚያየው ለዚህ ክርክር ነውና።

በሁለተኛው ምሽት ከ2 ሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ፤ ኃላፊው የላይኛውን ከመነዳሪ ሁለት ሁለት ዓይን አላልቶ ጠበቀ፤ ስክሪኑን ማውረድ አላስፈለገም። ጠርዙ ላይ ያለው ጥቁር ክፈፍ ሲወዛወዝ ሕፃናት በሳቅ ፈነዱ። ሁለቱም ምሽቶች ባጃጅ ሳይጠፋ ከ3 ሰዓት በፊት አለቁ። በአማካይ ያሸነፈው በሰብታይትል የታየው የምዕራብ አፍሪካ ሥራ ነው፤ ያች «ሄዷል» የምትለው እናት ያለችበት። በድምር ቢቆጠር ኖሮ የበግ ዘራፊው ያሸንፍ ነበር፤ ስለዚህ የአቆጣጠሩ ክርክር አልሞተም።

የካቲት፤ ሒሳብና ቀጣይ ጥገና

አግዳሚዎቹ ተቆጥረው ተመለሱ፤ አንዱ እግሩ ስለተነቀለ አናጢ ከፍለን አሠርተን ሰጠን። ፕሮጀክተር፣ ፍሬም፣ ጨርቅ፣ ኪራይ፣ ካርድና ነዳጅ ተደምሮ ወጪው ከ90,000 ብር በጥቂት አለፈ፤ ከዚህ ውስጥ ወደ 72,000 የሚጠጋው ለቀጣይ የሚያገለግል ዕቃ ነው። ከተመልካች በፈቃደኝነት የተሰበሰበው ገንዘብ የጄኔሬተሩን ኪራይና ነዳጁን ሸፍኗል።

ስክሪኑ በቀጣይ ሸዋ ሮቢት ይሄዳል። እዚያ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ስለሆነ የከፍተኛ ቦታ ማራገቢያ ሊጠፋ ይችላል፤ በምትኩ ሙቀቱና አቧራው አለ፤ ስለዚህ ማጣሪያው ከመሄዱ በፊት ይጸዳል። ከመነዳሪዎቹ ብርድና ፀሐይ ስላሰነጣጠቃቸው የላይኛው ረድፍ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል፤ ጎማ ቤቱ ያረጁትን እያስቀመጠልን ነው። የአማርኛ ካርዶቹን ፋይል ከፈቃድ ጥያቄ ጋር ለየሥራው አዘጋጅ እየላክን ነው፤ የአንዱ መልስ እስካሁን አልመጣም፤ ካልመጣ ያ ፊልም ሸዋ ሮቢት አይታይም።